የአራስ ቤቱን መጋረጃ ክፈቱት

የመጀመሪያ ልጃችን የተወለደችው በሐምሌ ነው። ከሆስፒታል ስንወጣ በሰጡን ወረቀት ላይ የ45 ቀን ክትባቷ፣ የእምብርቷ አያያዝ፣ እናቷ የምትውጠው የደም ማነስ እንክብል ሁሉ በሥርዓት ተጽፏል። ስለ እንቅልፍ ግን አንዲት መስመር የለችበትም። እኛም አልጠየቅንም። ሕፃን ይተኛል፣ አለቀ፤ ይህንን ደግሞ ማን ሐኪም ይጠይቃል?

በሦስተኛው ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ልጅቱ ዓይኗን ፍጥጥ አድርጋ ጣሪያውን ታያለች። አታለቅስም። ጠብታለች፣ ዳይፐሯ ተቀይሯል፣ አግስታለች። የማታውቀው ሰው ቤት ገብታ ወሬ የቸገራት እንግዳ ትመስላለች። እኔ ለሥራ ልነሳ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ድብን ብላ ተኛች። ከደብረ ማርቆስ ቅቤና የገንፎ እህል ይዘው አራስ ሊጠብቁ የመጡት አማቴ ነገሩን ሁለት ሌሊት ተመልክተው በሦስተኛው ፈረዱ፦ "ቀንና ሌሊቱ ዞሮባታል።"

ፍርዱ ትክክል ነበር። ያዞረባት ማን እንደሆነ ለማወቅ ግን ስድስት ሳምንት ፈጀብኝ። እኛው ነን።

ክፍሉ እንዲህ ነበር። መስኮቱ ተዘግቷል። በመጋረጃው ላይ ብርድ ልብስ ተደርቧል፤ ብርድ እንዳይገባ፣ ምች እንዳያገኛት፣ የሰው ዓይን እንዳያርፍባት። በበሩ ሥር ያለው ክፍተት በአሮጌ ፎጣ ተወትፏል። ረፋድ አራት ሰዓት ላይ የገባ ሰው አልጋው የት እንዳለ ለማየት ቆም ብሎ ዓይኑን ማልመድ አለበት። የቤቱ ሰው ሁሉ በእግሩ ጣት ይሄዳል፤ ሰሃን ከሰሃን ከተጋጨ አማቴ ይቆጣሉ። እንዲህ ሲባል ይዋልና አሥራ ሁለት ሰዓት ይሆናል። ሰው ከሥራ ይወጣል፣ ጠያቂ ይመጣል። መብራቱ ይበራል፣ ቴሌቪዥኑ ይከፈታል፣ ገንፎው ይገነፋል፣ ቡናው ይፈላል። ልጅቱ ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች፤ አንዱ አፍንጫዋ የአባቷ ነው ይላል፣ ሌላው የአክስቷ ነው ብሎ ይከራከራል። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የመጨረሻው እንግዳ ምርቃቱን ጨርሶ ሲወጣ ልጅቱ ገና ጨዋታው ሞቆላታል።

ቀን ቀን ጨለማና ጸጥታ፣ ማታ ማታ ብርሃንና ጫጫታ ሰጠናት። የሰጠናትን ነው የተማረችው።

አዲስ የተወለደ ሕፃን በውስጡ የሚሠራ ሰዓት ገና አልያዘም። በማሕፀን ሳለ የሚኖረው በእናቱ ሰዓት ነው፤ ሲመሽ አንጎሏ የሚያመነጨው ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን በእንግዴ ልጁ አልፎ ይደርሰዋል። ሲወለድ ያ ይቋረጣል። የራሱ ሜላቶኒን ቀንና ሌሊትን ለይቶ መመንጨት የሚጀምረው በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር አካባቢ ነው። እስከዚያ ድረስ ሁለት አስተማሪዎች አሉት። አንደኛው የእናት ጡት ነው፤ የሌሊት ወተት ሜላቶኒን አለበት፣ የቀኑ የለበትም ማለት ይቻላል። (ወተቷን አልባ ፍሪጅ የምታኖር እናት ብትኖር የሌሊቱን ለሌሊት ብትለይ አይከፋም።) ሁለተኛው ብርሃን ነው። የእኛ አገር ሰዓት ከንጋት ይቆጠራል፤ ፀሐይ ከወጣች አንድ ሰዓት ሲሆናት አንድ ሰዓት እንላለን፣ ስትጠልቅ አሥራ ሁለት ይሞላል። የሕፃኑም አንጎል መቁጠር የሚጀምረው ከዚያው ነው፤ ንጋትን ካላየ ከምን ይነሣ?

እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ የወጣ አንድ ጥናት በ6፣ በ9 እና በ12 ሳምንት ዕድሜ ያሉ ሕፃናትን ተከታትሎ፣ ሌሊት ደህና የሚተኙት ከቀትር በኋላ ባሉት ሰዓታት የበለጠ ብርሃን ያገኙት እንደሆኑ አሳይቷል። እንግሊዝ ብርሃን በጭልፋ የሚታደልበት አገር ነው። እኛ ዘንድ ከደጅ ሞልቶ ፈሷል፤ ብርድ ልብስ የሰቀልነው እኛ ነን።

ይህ የመጋረጃ ነገር በእንቅልፍ ብቻ የሚያበቃ ቢሆን ኖሮ ዓምድ ባላባከንኩበት። በአገራችን ሕፃናትን ከፀሐይ መሸሸግ ከሪኬትስ ጋር የኖረ ነገር ነው፤ ቫይታሚን ዲ ያጣ አጥንት ይለፈሰፈሳል፣ ደረት ይጎብጣል። ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው እዚሁ አዲስ አበባ፣ በኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1997 በላንሴት መጽሔት ያሳተሙት ጥናት፣ ሪኬትስ ያለበት ልጅ በሳንባ ምች የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ወደ 13 እጥፍ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ብርድ እንዳይመታት ብለን የዘጋነው መስኮት! ጤና ጣቢያ ያሉ ነርሶች "ጠዋት ፀሐይ አሙቋት" ሲሉ ለአጥንቷ ብለው ነው። የሌሊት እንቅልፏም አብሮ እንደሚስተካከል ቢጨምሩበት ደግሞ እንቅልፍ ያጣ ወላጅ ሁሉ በሰዓቱ ይወጣ ነበር። በመስታወት የገባ ፀሐይ ለአጥንት አይሆንም፤ ሰዓት ለማስተማር ግን ይበቃል። ክረምት ሆኖ ደጅ መውጣት ባይቻል እንኳ መስኮት ሥር ማስተኛት ዋጋ አለው።

በሰባተኛው ሳምንት ብርድ ልብሱን አወረድኩት። ከአማቴ ጋር ለሁለት ቀን አልተነጋገርንም ማለት ይቻላል። "እንግዲህ ልጅህ ናት" አሉኝ። እንዲህ ካሉ ነገሩ እንዳለቀ አማች ሁሉ ያውቃል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መጋረጃ መክፈት፣ ቀን ብትተኛም በብርሃን ውስጥ እንድትተኛ መተው፣ ሰሃኑም ሬዲዮውም እንደ ልማዱ እንዲጮህ መፍቀድ። ማታ አሥራ ሁለት ተኩል ሲሆን ደግሞ መብራቱን መቀነስ፣ ቴሌቪዥኑን መዝጋት፣ ሌሊት ስትነቃ በደብዛዛ ብርሃን አጥብቶ፣ ወሬ ሳያበዙ፣ ዓይን ለዓይን ሳይጫወቱ መመለስ። ዳይፐሯ በጣም ካልረጠበ ወይም ካልቆሸሸ ሌሊት አለመቀየር። ሥራው ይኼው ነው። ምንም መሣሪያ አይገዛበትም።

የኔ የራሴ ጥፋት ሌላ ነበር። ልጅቱ በእንቅልፏ ታቃስታለች፣ ትንፈራገጣለች፣ ፊቷን ታኮማትራለች፣ አንዳንዴ አንድ ሁለት ጊዜ እንደ ማልቀስ ትላለች። እኔ ነቃች ብዬ ብድግ አድርጌ አቅፋታለሁ። ያን ጊዜ እውነትም ትነቃለች። በየሌሊቱ አምስት ስድስት ጊዜ ከእንቅልፏ የቀሰቀስኳት እኔ ሳልሆን አልቀርም፤ ያውም ለጎበዝ አባትነቴ እየተመሰገንኩ።

አዋቂ ሰው ከአንዱ የእንቅልፍ ዙር ወደ ሌላው ለመግባት አንድ ሰዓት ተኩል ግድም ይፈጅበታል። የጨቅላ ዙር 50 ደቂቃ ያህል ናት፤ ከእንቅልፉም ግማሽ የሚያህለው ዓይኑ ከሽፋኑ ሥር የሚንቀሳቀስበት፣ እጅ እግሩ የሚፈራገጥበት ዓይነት ነው። ይህን እንቅልፍ ለሳይንስ ያስተዋወቀው ዩጂን አሰሪንስኪ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ ነገሩን የጀመረውም የተኙ ሕፃናትን ዓይን በማየት ነው። ከመምህሩ ከናትናኤል ክላይትማን ጋር ሆኖ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1953 አሳተመ። እኔ በየሌሊቱ ስመለከተው የነበረውን ነገር ሰውየው ቁጭ ብሎ ጻፈው፤ እኔ ግን ብድግ አድርጌ አቀፍኩት። መፍትሔው አንድ ሁለት ደቂቃ መጠበቅ ብቻ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለት ደቂቃ ምን ያህል እንደሚረዝም የሚያውቅ ያውቀዋል። ዓይኗ ከተገለጠ፣ እጇን ወደ አፏ ከወሰደች፣ አፏን ወዲያ ወዲህ እያደረገች ከፈለገች ርቧታል፤ ያኔ አይጠበቅም።

"ሌሊቱን ሙሉ ትተኛለች?" የሚሉ ጠያቂዎች ይገርሙኛል። አትተኛም፤ መተኛትም የለባትም። ጨቅላ በቀን ከ14 እስከ 17 ሰዓት ያህል ይተኛል፣ ግን በሁለት በሦስት ሰዓት እየቆራረጠ ነው፤ ሆዱ ትንሽ ናት፣ የእናት ወተት ቶሎ ይፈጫል፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። ወተት የሚያሠራው ሆርሞን ደግሞ ሌሊት ከፍ ስለሚል የሌሊቱ ማጥባት ለቀኑ ወተት ስንቅ ነው። ሆዷ ይጥገብ ተብሎ የሚሰጥ ቅቤ፣ የአብሽ ውሃ፣ ስኳር በውሃ እስከ ስድስት ወር ድረስ ቦታ የለውም። ጎረቤታችን አንዲት ሴት የሆድ ቁርጠት ፈሳሽ ጠርሙስ ይዛ መጥታ "አንድ ማንኪያ ስጧት፣ እስከ ንጋት ነው" ብላን ነበር። እስከ ንጋት የሚያስተኛ ማንኪያ ሕፃን አፍ አጠገብ ምን ይሠራል?

በሌላው ጫፍ ደግሞ ስልኩን ከፍቶ የፈረንጅ ምክር የሚያነብ አባት አለ፤ እኔም ነበርኩበት። "ለብቻዋ ተዋት፣ አልቅሳ ትተኛለች" የሚለው ትምህርት ሥሩ የቦስተኑ ሐኪም ሪቻርድ ፈርበር እ.ኤ.አ. በ1985 ያሳተሙት መጽሐፍ ነው ይባላል። ዘዴው ግን ወራት ለሞላው ልጅ እንጂ ለጨቅላ የታሰበ አልነበረም። የሦስት ሳምንት ልጅ ስታለቅስ የምታታልለው ነገር የላትም። አቅፎ ማባበል "ያበላሻታል" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሳቁበት። በስድስተኛው ሳምንት ግድም ለቅሶው ጫፍ ይደርሳል፣ በተለይ ምሽት ምሽት። በሦስተኛውና በአራተኛው ወር ይረግባል። እስኪረግብ ማቀፍ ነው።

ከአማቴ ጋር የከረረ ነገር ውስጥ የገባነው ስለ አተኛኘቷ ነው። እርሳቸው በጎኗ ያስተኟታል፣ "ትን እንዳይላት" ብለው። ፊቷን ደግሞ በነጠላ ይሸፍናሉ። በዚህ ላይ ወደ ኋላ አላልኩም። ለነገሩ ስህተቱ የሳቸው ብቻ አይደለም፤ መጽሐፉ በሚሊዮን የተሸጠለት አሜሪካዊው ዶክተር ቤንጃሚን ስፖክ እንኳ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሕፃናት በሆዳቸው እንዲተኙ ይመክሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 አሜሪካ ሕፃናትን በጀርባ የማስተኛት አገር አቀፍ ዘመቻ ጀመረች፤ በተከታዮቹ ዓመታት በእንቅልፍ ላይ ድንገት የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር በግማሽ ገደማ ቀነሰ። በጀርባ ሲተኙ የአየሩ ቧንቧ ከምግቡ ቧንቧ በላይ ስለሚሆን የወጣው ወተት ወደ ሳንባ የመግባት ዕድሉ ያነሰ ነው፤ ትን የሚለው ፍርሃት በተቃራኒው ነው የሚሠራው። ጠንካራ ፍራሽ፣ ያለ ትራስ፣ ያለ ለስላሳ ብርድ ልብስ ክምር፣ ፊት ሳይሸፈን፣ ከእናት ጋር በአንድ ክፍል ግን በራሷ መኝታ፤ ጠባብ ቤት ውስጥ መሬት ላይ የተነጠፈ ንጹሕ ጠንካራ ፍራሽም ያገለግላል። ሶፋ ላይ ሕፃን ታቅፎ መተኛት ግን ከሁሉ የከፋው ነው፤ ሲደክመን የምናደርገው ደግሞ ያንኑ ነው። የከሰሉን ነገር መናገር ይኖርብኝ ይሆን? በተዘጋ ክፍል የሚነድ ከሰል ሕፃኗንም አራሷንም ሳያነቃ ይገድላል። ቡናው ሳሎን፣ በር ተከፍቶ ይፈላ።

አማቴ በነጠላው ጉዳይ የተሸነፉት በክርክር አይደለም። አንድ ቀን ጠዋት ነጠላውን ራሳቸው ፊታቸው ላይ አድርገው ጋደም እንዲሉ ለመንኳቸው። ትንሽ ቆይተው አነሱት። "ይሞቃል" አሉ። ሌላ አላሉም፤ ነጠላውም አልተመለሰም።

እኔ ያልነካሁባቸው ነገር ደግሞ ብዙ ነው፤ የነካሁት ሁሉ ትክክል ነበር ብዬም አላስብም። ማታ ማታ ገላዋን በሞቀ ውሃ አጥበው፣ በቅባት አሽተው፣ እናቷ አጥብታ ስትጨርስ ተቀብለው አግስተው፣ እሹሩሩ እያሉ በቀስታ ይወዘውዟታል። ሁልጊዜ በዚያው ቅደም ተከተል፣ በዚያው ድምፅ። ፈረንጆቹ ዛሬ የመኝታ ሥርዓት ብለው የሚያስተምሩት ይኼንኑ ነው፤ አማቴ ስድስት ልጅ አሳድገውበታል። አንዲት ነገር ብቻ ጨመርን፦ እንቅልፍ ዓይኗን ሲጫጫነው፣ ጭልጥ ሳትል በፊት፣ መኝታዋ ላይ ማኖር። ከአምስት ቀን በአራቱ ተመልሳ ትጮሃለች፤ ያው ይነሣል። በአምስተኛው ትተኛለች። ቀን ደግሞ ያዝሏታል። በአንቀልባ እግሯን ከፍታ መታዘሏ ለዳሌዋ አጥንት ጥሩ አያያዝ ነው፤ ጥብቅ አድርገው እግሯን ቀጥ አርገው የሚጠቀልሏት እንደሆነ ግን ዳሌዋን ሊጎዳው ይችላል። መጠቅለል ካስፈለገ እግር ላላ ይበል።

ከሁሉም የሚበልጠው ሙያቸው ግን ሕፃኗ ላይ አልነበረም። አራስ ብቻዋን አትተውም የሚለውን ወግ እኔ ለአጋንንት ፍራቻ የተሠራ አድርጌ ነበር የማውቀው፤ ትራሷ ሥር ቢላዋ ሲገባ አይቼ ስስቅም ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አማቴ ልጅቱን ጠብታ እንደጨረሰች ወስደው በሩን ከውጭ ሲዘጉ፣ ሚስቴ እስከ ሦስት ሰዓት ያለ ማቋረጥ ስትተኛ፣ ወጉ ለምን እንደተሠራ ገባኝ። ለወራት እንቅልፍ ያጣች አራስ ቀስ በቀስ ልቧ ሊከፋ፣ ልጇም ልታስጠላት ትችላለች። ይህን በሽታ ነው ብሎ ለመናገር የሚደፍር ቤተሰብ ጥቂት ነው። የከተማው ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ እናትም አማትም በሌሉበት፣ በሦስተኛ ፎቅ ብቻዋን የምታርስ ሴት ስንት ናት?

አባት አለ ትሉኝ ይሆናል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እናት ከወለደች በኋላ 90 ቀን ይሰጣታል፤ ለአባት 3 ተከታታይ ቀን። በአራተኛው ቀን ቢሮ ገባሁ። አለቃዬ እንኳን ደስ አለህ ብሎ ሳምንታዊውን ሪፖርት ጠየቀኝ፤ ከሰዓት ስብሰባ ላይ አንቀላፍቼ ጉንጬን ጠረጴዛ ላይ አገኘሁት። ሳቁብኝ። ለሕግ አውጪዎቻችን ማለት የምፈልገው ይህን ነው፦ በሦስት ቀን ውስጥ የእናቲቱ ወተት እንኳ ሞልቶ አይመጣም። እስኪሻሻል ድረስ ግን እኔና ሚስቴ ሌሊቱን ተካፈልነው። ከሦስት እስከ ሰባት ሰዓት ማግሳቱ፣ መቀየሩ፣ ማባበሉ የኔ ሆነ፤ ለመጥባት ብቻ ወደ እናቷ አደርሳታለሁ። እርሷ ከጎኗ ሳትነሣ አጥብታ መልሳ ትተኛለች።

አንድ ነገር ዘንግቼ እንዳላልፍ። አማቴን የሚጠይቁ የሰፈር ሴቶች "አቤት ጨዋነት፣ ቀኑን ሙሉ ተኝታ አታስቸግርም" እያሉ የሚያመሰግኗት አንዲት የጎረቤት ሕፃን ነበረች። በአምስተኛው ቀን ዓይኗ ቢጫ ሆኖ ሆስፒታል ገባች፤ ዳነች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ለመጥባት ሊቀሰቅሷት አልነቃ የምትል፣ የምታተኩስ ወይም ገላዋ የቀዘቀዘ፣ ቶሎ ቶሎ የምትተነፍስ ጨቅላ ጨዋ አይደለችም፤ ታማለች። በዚያው ሰዓት ጤና ጣቢያ ትወሰድ።

ሁለተኛው ልጃችን የመጣው ጥቅምት ላይ ነው። መጋረጃው ከመጀመሪያው ቀን ተከፈተ። በአሥረኛው ሳምንት ከምሽቱ ሦስት እስከ ሌሊት ስምንት ሰዓት በአንድ ጊዜ ተኛ። እኅቱ እዚያ የደረሰችው በአምስተኛው ወር ነበር። ይህን ለማስረጃ አላቀርበውም፤ የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፣ ጥቅምትም እንደ ሐምሌ አይደለም። አማቴ ግን ዘንድሮ ለታናሽ ልጃቸው አራስነት ባህር ዳር ሄደው "መጋረጃውን ክፈቱት እንጂ፣ ምን እስር ቤት አደረጋችሁት" ማለታቸውን በስልክ ሰምቻለሁ።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት አራስ ልትጠይቁ የምትሄዱ ሰዎች፣ አንድ ልለምናችሁ። በቀን ሂዱ። ጉንፋን ከያዛችሁ አትሂዱ። የተኛ ልጅ ካለ አትቀስቅሱት፣ ፊቱንም አትሳሙት። እቃ ማጠቢያው ውስጥ የተጠራቀመ ሰሃን ካገኛችሁ እጠቡት። አሥራ ሁለት ሰዓት ከመሙላቱ በፊት ደግሞ ተነሡና ውጡ።